«ሲስተሙ ጤነኛ ነው» የተባሉት እናት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በቆሎው ደርሶ እሸት በየመንገዱ ዳር በሚጠበስበት ሰሞን ነው። ያን ያህል የቆየ አይደለም። ይሁን እንጂ ሌላ ቢናደዱበት ቶሎ የሚበርድ ነገር ብዙ እያለ፣ ይሄኛው ባስታወስኩት ቁጥር እንደ አዲስ ያቃጥለኛል። እህቴ «አሁንስ አበዛሽው፣ ተይው» ትለኛለች። መተው ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ሐይቅ ከተማ፣ ተወልጄ ባደግኩበት ቤት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ተምሬ እዚያው ሥራ ከያዝኩ በኋላ እናቴ ታመመች። ሥራዬ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ የትም ሆኖ የሚሠራ ስለሆነ ላፕቶፔን ይዤ መጣሁ። እናቴ ስታርፍም ቤቱን ዘግቼ መሄድ ከበደኝና ቀረሁ። ጎረቤቱ መጀመሪያ ላይ ሥራ ፈት መስዬው ነበር። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጬ ስክሪን ላይ አፈጣለሁ፤ አፌ አጠገብ ያለውን ማይክ ለማያይ ሰው ደግሞ ለብቻዬ የማወራ እብድ ነኝ።

ሥራዬን ማስረዳት ሁሌም ያስቸግረኛል። ዛሬ ብዙ ድርጅት ኮምፒውተሩን ቢሮው ውስጥ አያስቀምጥም፤ ሌላ አገር ካለ ግዙፍ የኮምፒውተር ማዕከል ይከራያል። ክላውድ የሚባለው እሱ ነው። እነዚያን ኮምፒውተሮች የሚያገናኙ መንገዶች አሉ፤ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚሉ በሮች አሉ። እኛ የሌሎች ድርጅቶችን መንገድና በር እንጠብቃለን። መንገድ ሲቆረጥ የት ላይ እንደተቆረጠ ፈልገን እናገኛለን።

በዚያው ዓመት ድርጅታችን የኤአይ ኤጀንት፣ ሲጠየቅ በራሱ ፈልጎ የሚመልስ ፕሮግራም፣ አስገባ። ኤጀንቱ የደንበኞቻችንን ኔትወርክ ገብቶ እንዲያይ የሚያስችሉ መሣሪያዎች ተገጥመውለታል። ማየት ብቻ ነው የሚችለው፤ መንካት፣ መቀየር አይፈቀድለትም። «እዚህ ደንበኛ ጋ መልእክት ለምን ዘገየ?» ብለን እንጠይቀዋለን፤ እሱ በየመንገዱና በየበሩ ዞሮ ያየውን ይነግረናል። እኔ ግማሽ ቀን የምፈጅበትን ነገር ሻይ ቀድቼ እስክመለስ ይጨርሰዋል። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። ሥራዬን ይቀማኛል ብዬ የፈራሁትን ያህል፣ ከብዙ አሰልቺ ነገር ገላገለኝ።

አሁን ወደ እትዬ ዘይነባ ልምጣ።

እትዬ ዘይነባ ከኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ አልጋ በያዘች ጊዜ እኔ ፈረቃ ላይ ስሆን አጠገቧ ይቀመጡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሲያገላብጧት፣ ሲያጥቧት፣ በላይዋ ላይ ዱዓ ሲያደርጉላት አይቻለሁ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሉባባ። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ግን ሐይቁ ዳር አብረን ልብስ እያጠብን፣ አብረን እየተማታን ነው ያደግነው። ሉባባ አረብ አገር ሄዳ የሰው ቤት ትሠራለች።

አሠሪዋ፣ ማዳም የምትላት ሴትዮ፣ ሲም ካርድ አልፈቀደችላትም። በቤቱ ዋይፋይ፣ ያውም በአንድ አፕ ብቻ እንድትደውል ነው የፈቀደችው። ሌላውን ከስልኳ ላይ አስጠፍታባታለች። አፑ የኛ አገር ሰዎች ያቋቋሙት፣ ለመደወልም የድምፅ መልእክት ለመላክም የሚሆን፣ አረብ አገር ያሉ ልጆች በብዛት የሚጠቀሙበት ነው። ዓርብ ከሰዓት ማዳም ዘመዶቿ ጋ ስትሄድ ሉባባ ትደውላለች። እትዬ ዘይነባ ዓርብ ከቤት አይወጡም። ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ማንበብ ስለማይችሉ አፑን የከፈትኩላቸው፣ የድምፅ መልእክት አላላክ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።

አንድ ዓርብ ሉባባ ሳትደውል ቀረች። እትዬ ዘይነባ «እንግዳ መጥቶባት ይሆናል» አሉ። በሚቀጥለውም አልደወለች። ከዚያ በኋላ ባለው ደግሞ ስልኩን ይዘው እኔ ቤት መጡ። ከፍቼ አየሁት፤ ስልኩ ደህና ነው፣ አፑ ይከፈታል፣ ኢንተርኔቱም አለ። እሳቸው የላኩት የድምፅ መልእክት አጠገብ «ተልኳል» የሚል ምልክት አለ። ከሉባባ በኩል ግን ምንም የለም።

«አብሽሪ፣ ምንም አትሆንም» አሉኝ። እኔን የሚያጽናኑት እሳቸው ነበሩ።

ሳምንቱ እየበዛ ሲመጣ ወሬው ጀመረ። አንዷ «ከአሠሪዋ ጠፍታ ነው» አለች። ሌላዋ «እዚያው አግብታ ይሆናል» አለች። ወሬው አምባሰል ድረስ ደርሶ ወንድማቸው አያ ይማም የእርሻ ሥራቸውን ጥለው መጡ። አያ ይማም ጥሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ኀፍረት ያስፈራቸዋል። ግቢው ውስጥ ቆመው፣ እኔም እየሰማሁ፣ እናቷን ይህን ያህል ጊዜ የረሳች ልጅ እንደሌለች ትቆጠር፣ ከእንግዲህ ስሟ አይነሳ አሉ። እትዬ ዘይነባ ግን ወደኔ ዞረው «እስቲ የአፑ ሰዎች ጋ ደውይልኝ» አሉኝ።

ደወልኩ። እሳቸውም አያ ይማምም እንዲሰሙ ስፒከር ላይ አደረግኩት። ረጅም ሙዚቃ ካሰማን በኋላ አንዲት ልጅ አነሳች። እትዬ ዘይነባ ራሳቸው ተናገሩ። ልጃቸው እንደጠፋችባቸው፣ እሳቸው የላኩትም መድረሱን እንደማያውቁ፣ ምናልባት መስመሩ ተበላሽቶ እንደሆነ እንድታይላቸው በትሕትና ጠየቁ።

ልጅቷ የሆነ ነገር ስትነካካ ይሰማል። ከዚያ «እናት፣ ሲስተሙ ጤነኛ ነው» አለች። «በኤአይ ተረጋግጧል። ከኛ በኩል ምንም ችግር የለም።»

«ታዲያ ከማን በኩል ነው፣ ልጄ?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

ልጅቷ «እንግዲህ እሷ መደወል አልፈለገች ይሆናላ» አለች።

በስፒከር ነው። ወንድማቸው ፊት ነው። እትዬ ዘይነባ «እሺ ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ» ብለው አመሰገኗትና ስልኩን መለሱልኝ። አያ ይማም ቀና ብለው አላዩንም። «እንዳልኩት ነው» የሚሉ መሰለኝ፤ አላሉም ግን።

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ዘይነባ ገበያ መውጣት ተዉ። ምግብ ሳመጣላቸው ይቀበሉኛል፤ ማታ ዕቃዬን ልወስድ ስሄድ ምግቡ እንዳለ ነው። ሰላምታ ሲሰጧቸው ይመልሳሉ፤ በራሳቸው ግን ለማንም ምንም አይናገሩም። ከሁሉ የከፋብኝ ልጃቸው አልፈለገችኝም የሚለውን ማመናቸው ነበር። አንድ ቀን «ምን አድርጌያት ይሆን?» አሉኝ። እኔን እየጠየቁ አልነበረም።

እኔን ደግሞ አንድ ነገር ከነከነኝ። «በኤአይ ተረጋግጧል» የምትለው ቃል። ያ የአፕ ድርጅት የኛ ደንበኛ ነው። የሚይዘው ሌላ ቡድን ስለሆነ እኔ በቀጥታ አላውቀውም፤ ግን ኤአይ አረጋገጠ የተባለው የኛ ኤጀንት መሆን አለበት። በማግስቱ ኃላፊያችን ጋ ደወልኩ። ስሙን አልጠራም። ችግሩን ነገርኩት፤ ከሐይቅ ብቻ እንኳ ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች እንደዚሁ ልጆቻቸው እንደጠፉባቸው፣ ልጆቹ ሁሉ ያሉት አንድ አገር ውስጥ መሆኑን አስረዳሁት። ያንን ጎረቤት ለጎረቤት እየዞርኩ አጣርቼ ነበር።

እሱ ሳቅ አለ። ደንበኛው ቅሬታ ሲመጣበት ደጋግሞ እንዳስጠየቀ፣ ኤጀንቱ በየጊዜው እንዳየውና ሁሉ ነገር ጤነኛ ሆኖ እንደተገኘ ነገረኝ። ከዚያ «የገጠር እናቶች ናቸው እኮ» አለኝ። «ስልኩን ዘግተውት፣ ወይ አፑን ሳያውቁ አጥፍተውት ይሆናል። አንቺ ደግሞ እዚያ ከመሸግሽ ወዲህ የሰፈር ወሬ ታምኛለሽ።»

ስልኩን በገዛ እጄ ከፍቼ እንዳየሁት ነገርኩት። ስብሰባ አለብኝ ብሎ ዘጋው።

አንዳንዴ የሌላ ቡድን ፈረቃ ስለምሸፍን የሁሉንም ደንበኛ ማየት ይፈቀድልኛል፤ ስለዚህ ኤጀንቱን ከፈትኩና ራሴ ጠየቅኩት። የዚህ ደንበኛ ኔትወርክ ጤነኛ ነው ወይ አልኩት።

የመለሰልኝን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። «ማየት የተፈቀደልኝ ክፍል ጤነኛ ነው። ነገር ግን ደንበኛው ሁለት አካውንት፣ ማለትም ሁለት የተለያየ የክላውድ ክፍል፣ አለው። ከባሕረ ሰላጤው አገር መልእክት የሚቀበለውን ሁለተኛውን አካውንት እንዳይ ፈቃድ አልተሰጠኝም። ስለዚህ ከዚያ ወደዚህ የሚመጣው መንገድ ክፍት ይሁን የተቆረጠ መናገር አልችልም። ያ ሳይታይ ኔትወርኩ ጤነኛ ነው ተብሎ ባይደመደም ጥሩ ነው።»

ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ በፊት ለተጠየቀው የሰጣቸውን መልሶች ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ። ሁልጊዜም ያንኑ ብሏል። አላየሁም ብሏል። ፈቃዱ ይሰጠኝ ብሏል። ኃላፊያችን ግን ለደንበኛው ያስተላለፈው «ጤነኛ ነው» የሚለውን ቁራጭ ብቻ ነው። ደንበኛው ያንኑ ቁራጭ ስልክ ለምታነሳው ልጅ ሰጣት። ልጅቷም ለእትዬ ዘይነባ አስረከበች። ሉባባ ያለችበት አገር ደግሞ ማንም ካላየው ከዚያኛው ወገን ነው።

ለኃላፊዬ መልሼ ደወልኩለት። የዚህን ጊዜ ስብሰባ ላይ መሆኑን አልጠየቅኩም። ኤጀንቱ ምን እንዳለ አነበብኩለት። ያውቀዋል። የሚያሳፍር ነገር የሰማ ሰው ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

«ደንበኛ ረጅም ነገር አያነብም» አለኝ። «ጤነኛ ነው ወይስ አይደለም፣ ይህን ብቻ ነው የሚፈልገው። ውል በሚታደስበት ሰሞን ግማሹን አላየነውም ብለን እንጻፍ?»

«አዎ» አልኩት። «ካላየነው አላየነውም ብለን እንጻፍ።»

ፈቃዱን ከደንበኛው እንዲጠይቅ ለመንኩት። ሁለተኛውን አካውንት እስከዛሬ አለማየታችን ከታወቀ ያሳጣናል፣ ውሉ ከታደሰ በኋላ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን አለ። እትዬ ዘይነባ ከዚያ ወዲያ ሲጠብቁ የሚከርሙት ለሱ ምኑም አይደለም። የእሳቸውን ጉዳይ ሳነሳበት «አንቺ መሐንዲስ ነሽ እንጂ የእድር ሰብሳቢ አይደለሽም» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልለመንኩትም።

ደንበኛው ድርጅት ውስጥ የቴክኒክ ሥራውን የምትመራ ሴት አለች። በአካል አንተዋወቅም፤ የሌላውን ቡድን ፈረቃ ስሸፍን አንድ ሁለት ጊዜ በሥራ ተጻጽፈናል። በቀጥታ ደወልኩላት። ከኃላፊዬ ጀርባ እየደወልኩ መሆኑን አልደበቅኳትም። ኤጀንቱ ያንኛውን አካውንት አይቶት እንደማያውቅ ስነግራት «ሙሉ በሙሉ ታይቷል ተብሎ እኮ ነው የተነገረን» አለች። ድምፅዋ ላይ ንዴት ስሰማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ። ወዲያው የማየት ፈቃዱን ከፈተችልኝ።

ኤጀንቱን መልሼ ጠየቅኩት። ጊዜ አልፈጀበትም። ያኛው ወገን ላይ አድራሻዎች በተቀየሩበት ቀን፣ ወደኛ ወገን የሚያመጣው መንገድ ከነበረበት ተሰርዞ በአዲሱ ሳይተካ ቀርቷል። አረብ አገር ያለው ሰው የሚልከውን አፑ እዚያ ይቀበልና «ተልኳል» ይላል፤ ከዚያ ግን የሚወጣበት መንገድ ስለሌለው እዚያው ይከማቻል። ከዚህ የሚላከውም እንደዚያው በዚህኛው ወገን ይከማቻል። ጥሪ ደግሞ ጭራሽ አይደርስም። አንዲት መስመር ናት የጎደለችው። ሴትዮዋ ኤጀንቱ ያለውን በራሷ ዓይን አይታ አረጋገጠችና መንገዱን መለሰችው።

እሷን ገና እያመሰገንኩ ሳለሁ ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ ዘይነባ ስልክ ድምፅ ሰማሁ። አንዴ አይደለም። ተከታትሎ፣ እየተደራረበ ይጮኻል። ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትቼ ሮጥኩ።

እትዬ ዘይነባ መደቡ ላይ ተቀምጠው ስልኩን እንደ እሳት ከራሳቸው አርቀው ይዘውታል። አያ ይማምም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ሰንብተው ስለነበር በር ላይ ቆመዋል። «ምንድን ነው የሆነው?» አሉኝ እትዬ ዘይነባ። የሉባባ መልእክት መሆኑን ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ከፈትኩላቸው።

የመጀመሪያው ተራ ወሬ ነበር። ማዳም አዲስ ምንጣፍ ገዝታ፣ ሉባባ እሱን ስታጥብ ወገቧ እንደተቆረጠ እየሳቀች ትናገራለች። በሁለተኛው እናቷ ለምን እንዳልመለሱላት ትጠይቃለች። በሚቀጥሉት ሳቁ የለም። አሞሽ ነው ወይ፣ አያ ይማም ተቆጥቶኝ ነው ወይ፣ ሰው ምን ነግሮሽ ነው ትላለች። በአንዱ ላይ እኔንም ጠርታኛለች፤ ሄጄ እናቷን እንድጠይቅላት፣ ስልኩ ተበላሽቶ እንደሆነ እንዳስተካክልላቸው ትለምነኛለች። እኔ እኮ ግድግዳ ተጋርቼ ነበር የተቀመጥኩት።

ቀጥሎ ያለውን ስከፍት ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ሰው እንዳይሰማት ተደብቃ የምትናገር ይመስላል።

«እማ፣ ኮንትራቴ አልቋል። ማዳም ትቀጥያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ ብላኛለች። እኔ ደክሞኛል፤ ቤቴ መምጣት ነው የምፈልገው። ግን ያለ አንቺ ቃል አልወስንም። ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ።»

እትዬ ዘይነባ «ነይ» አሉ። ለስልኩ ነው የሚመልሱት። «ነይ እንጂ፣ ነይ ብዬሻለሁ እኮ።» እውነታቸውን ነው። እሳቸውም በየዓርቡ ድምፃቸውን ሲልኩ ነው የከረሙት። ናፍቀሽኛል፣ በቃሽ፣ ነይልኝ ሲሉ ነበር። ያ ሁሉ ከዚህኛው ወገን ተከማችቶ ተቀምጧል።

የመጨረሻውን መክፈት ፈራሁ። ከፈትኩት።

«ዝም ማለትሽ መልስ ነው፣ እማ። ገብቶኛል። እንድመጣ አልፈለግሽም። ፈርሜያለሁ፤ ለሌላ ሁለት ዓመት። ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ አፉ በይኝ።»

እትዬ ዘይነባ «በኔ የተነሳ» የሚል አንድ ቃል አወጡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። አያ ይማም ከበሩ ላይ ዘወር ብለው ግቢው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ትልቅ ወንድ ሲያለቅስ ማየት ስለሚከብድ እኔ እዚያው ከእትዬ ዘይነባ ጋር ቀረሁ።

ዓርብ ሉባባ ደወለች። የእናቷን መልእክቶች ሁሉ አንድ ላይ ሰምታቸው ነበር። ብዙ አላወሩም፤ አብዛኛው ልቅሶ ነው። የፈረመችውን እንድትተውላት ማዳምን ለምና እንደነበር ነገረችን። ማዳም እንቢ ብላለች፤ ፓስፖርቱም እሷ ጋ ነው። አያ ይማም ስልኩን ተቀብለው «ልጄ፣ እኔንም አፉ በይኝ» አሏት። ምን ስላሉ እንደሆነ አላወቀችም፤ ማንም አልነገራትም።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር።

በዚያው ሳምንት የአፑ ድርጅት ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ አጭር መልእክት ላከ። «ለአጭር ጊዜ አጋጥሞ ለነበረው መቆራረጥ ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። እትዬ ዘይነባ ምን ይላል ብለው አስነበቡኝ። ሳነብላቸው አፈርኩ። የአንድን ሰው ሁለት ዓመት የወሰደ ነገር አጭር ጊዜ ተባለ።

ኃላፊያችን ደግሞ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ንግግር አደረገ። ኤጀንታችን ሌላ ማንም ያላየውን የተደበቀ ችግር እንዳገኘ፣ ይህም ድርጅታችን ያለበትን የቴክኖሎጂ ደረጃ እንደሚያሳይ ተናገረ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ማይኬን ከፈትኩ። ኤጀንቱ አላየሁም እያለ ሲናገር እንደከረመ፣ ያንን ቆርጦ የጣለው ኃላፊያችን መሆኑን፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንዲት እናት ልጅዎ አልፈለገችዎትም ተብለው ምግብ እንደተዉ ተናገርኩ። ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። እሱ «አስተያየቱን ወስደነዋል» አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ከስብሰባው በኋላ ከደንበኛ ጋር ያለ ፈቃድ በመገናኘቴ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ።

ውሉ ታደሰ። ያቺ የደንበኛው ሴትዮ ግን አንድ ነገር አስገባችበት። ከእንግዲህ ለነሱ የሚላክ ማንኛውም መልስ፣ ያልታየው ምን እንደሆነ ከላይ፣ ከሁሉ በፊት እንዲጻፍ። ኃላፊያችን ይህንንም የራሱ ሐሳብ አድርጎ ለሌሎች ደንበኞች ሲያወራው ሰምቻለሁ።

እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነገር ነበር። «ልጅዎ አልፈለገች ይሆናል» የተባለው ቃል በተነገረበት መንገድ፣ በስልክ፣ እንዲመለስ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ልጅዎ በየሳምንቱ ስትፈልግዎ ነበር እንዲባሉ። የኛ ቢሮ ይህ የደንበኛው ጉዳይ ነው አለ። ጉዳዩ ወደ ደንበኛው ሲሄድ የነሱ ቢሮ ደግሞ እንዲህ ያለ አሠራር የለንም አለ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ማንንም ሳታስፈቅድ በግል ስልኳ ደወለች። እትዬ ዘይነባ ስማቸው ተጠርቶ፣ ወንድማቸው ባሉበት፣ እንደዚያኛው ቀን በስፒከር ሰሙ። ይቅርታ ስትጠይቃቸው ደህና መሆኗን፣ ልጆች እንዳሏት ጠየቋት። መረቋት።

እኔ ይህን ሁሉ ይቅርታ ከየት እንደሚያመጡት አላውቅም። «ሸይጧን ነው በመካከል የገባው» ይላሉ፣ ሳነሳባቸው። እኔ ግን ሸይጧን አላየሁም። ያየሁት ቢሮው ተቀምጦ፣ የማያውቀውን አውቃለሁ ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ማሽኑ እንኳ አላየሁም ለማለት አላፈረም።

ሥራውን አልለቀቅኩም። ለመልቀቅ ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ ከዚያ እኔ ስወጣ እዚያ ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ ይሆን ብዬ ተውኩት። ኤጀንቱንም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። እሱ ላይ ቂም የለኝም። ኃላፊዬ አሁንም ኃላፊዬ ነው፤ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ ያለፈ የለም። አንዳንዴ የበደለኝ እሱ ሆኖ ሳለ የምሸማቀቀው እኔ እሆናለሁ፤ ይህም ያናድደኛል።

እትዬ ዘይነባ ገበያ መውጣት ጀምረዋል። ሰውነታቸው ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ሰው «ልጅዎ መቼ ትመጣለች?» ሲላቸው «ኢንሻአላህ፣ ትመጣለች» ይላሉ።

ሉባባ አሁንም እዚያው ናት።